የአምስት ወር ታናሽ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ኳ… ኳ… ኳ። ብረት ብረትን ሲመታ። ማክሰኞ ማለዳ ነበር፤ ሰኞ ገበያ የትናንቱን ግርግር አራግፎ ገና አልነቃም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ስለዋጠው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የለየ ሰው የለም። ዳቦ ልትገዛ የወጣች አንዲት ሴት፣ "በዚህ ብርድ ቆርቆሮ የሚመታ አናጢ ምን ዓይነት ጉድ ነው" ብላ አለፈች።

ነገሩ የገባው ለቀበሌው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ለወንጌላዊት ነው። መንገዷን እየዳበሰች ከበሩ ስትደርስ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ የሚመታው ግን ከውስጥ ነው። መክፈቻው እንደ ወትሮው ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፈተች። ጥበቃው አያ ጋሹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የወረቀት መብሻውን ብረት በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ደህና አደርሽ ልጄ" አሏት፣ ከገዛ ቤታቸው የወጡ ይመስል።

ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ጀርባ መዝገብ ተዘርግቷል። ከመካከሉ አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ተወስዷል።

*

ኢንስፔክተር ሚስባህ አብዱልወሀብ ሳጅን ወንድምአገኘሁን አስከትሎ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሚስባህ ቁጥብ ሰው ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ከጥያቄው ይልቅ ዝምታው ያናዝዛል ይባልለታል። ሳጅኑ ደግሞ ዝም ካለ የሚያመው ዓይነት ነው።

"መዝገብ ሰባት ነው" አለች ወንጌላዊት። "የሰባ ስድስቱ ቆጠራ ጊዜ ቀበሌው ቤተሰቡን ሁሉ ለራሱ የጻፈበት። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰዎች ናቸው። የጠፋው ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ነው።"

"የማን ቤተሰብ?"

"እሱን ነው የማላውቀው። በቤት ቁጥር አይደለም የተጻፈው፤ ሰው በመጣበት ተራ ነው። በመጪው ሳምንት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ልንጀምር ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ አስነግረናል፤ ቤተሰብ ሁሉ እየተጠራ ዝምድናው ይጣራል ብለን።"

"እኔም የቧንቧ ውሃ ልጅ ነኝ" አለ ሚስባህ።

"እንግዲያ ሌባው ጎረቤትዎ ነው፣ ኢንስፔክተር" አለ ሳጅኑ።

ሚስባህ ሽማግሌውን ጥበቃ አስቀመጣቸው።

"ማን ቆለፈብዎት?"

"አላየሁም። መብራቱን ላጠፋ ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ከመግሪብ አዛን ትንሽ ቀደም ብሎ፤ ሊመሽ ሲል።"

"ታዲያ እስኪነጋ ለምን አላንኳኩም?"

"የተኛ ሰው መቀስቀስ ነውር ነው።"

ሳጅኑ ሳቀ። "ይሄን የመሰለ ጨዋ እስረኛ አይቼ አላውቅም።"

ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነበር። ሚስባህ ፈታው። ግማሹ የተበላ ቆሎ፤ ከቆሎው ላይ ሁለት ቅጠል ያለው አረንጓዴ ሎሚ።

"ይኼስ?"

"ራቴ ነው። ሎሚው ለጉንፋን። ከገበያ ነው።"

"የገበያ ሎሚ ቅጠል የለውም። ይሄ ከጓሮ ዛፍ የተቆረጠ ነው፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ሎሚ አያፈራም።"

አያ ጋሹ መሬት መሬቱን አዩ። ሳጅኑ፣ "ቆልፎባቸው ስንቅ ትቶላቸው ሄደ። እንዲህ ያለ ሌባ ለሁላችንም ይስጠን" አለ።

ሚስባህ ሎሚውን አገላበጠው። ቅጠል ያለው ሎሚ በሰፌድ ሞልቶ የሆነ ቀን፣ የሆነ ድግስ ላይ አይቷል። የት እንደሆነ ማስታወስ አልፈለገምና ለሳጅኑ ወረወረለት።

ከሰዓት በኋላ አዛዣቸው ኮማንደር ጥበቡ ፋይሉን ገለጥለጥ አደረገና ፈረደ። "ሽማግሌው ያውቃል፤ ይደብቃል። እስከ ዓርብ ገጹ ካልተገኘ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይላክ።" አያ ጋሹ ለጡረታ ሦስት ወር ነበር የቀራቸው። አልተከራከሩም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገቡ።

*

ወንጌላዊት የሰጠችው የመጀመሪያ ስም ሙንዚር ነው። ሰኞ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ ከእንጀራ እናቱ ልጆች ጋር በአባቱ ቤት ሲካሰስ ስድስት ዓመቱ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኮምፒዩተሩ ወሬ ሰምቶ መዝገብ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ "የኔን ገጽ የሚገለብጥ ሰው እጁ ይቆረጣል" ብሎ ደንፍቶ ሄዷል።

"ብያለሁ" አለ ሙንዚር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። "ወላሂ ብያለሁ። ያኔ የጻፈው ሰውዬ የእንጀራ እናቴን ሚስት፣ የኔን እናት እንግዳ ብሎ ጽፏታል። ሰባት ልጅ የወለደች እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"እንዲህ የምትቆይ እንግዳስ አላጋጠመችኝም" አለ ሳጅኑ። "ሰኞ ወደ ማታ የት ነበርክ?"

"ቢስቲማ። አጎቴ ሞቶ ለቅሶ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። ደግሞስ ለምን እሰርቃለሁ? ጠበቃ አለኝ፤ ሞባይል አለኝ፤ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ገጼ ሰማንያ ሰባት ነው። ሂዱና እዩት፤ እዚያው ይኖራል።"

ቢስቲማ ተደወለ፤ ለቅሶው እውነት ነው። ገጽ ሰማንያ ሰባትም እዚያው ነበር። የሙንዚር እናት አሁንም እንግዳ ናት።

"የዚህ አገር ዘመድ በወረቀት ሌላ፣ በቤት ሌላ" አለ ሳጅኑ መዝገቡን ሊዘጋ።

ሚስባህ እጁን ያዘው። "ቆይ። የሰው ስም ብትፈልግ ከገጹ የቱን ታያለህ?"

"ራስጌውን። የቤት ኃላፊው ስም በትልቁ ተጽፏላ።"

"የተነካው ግን ግርጌው ነው። ተመልከት።"

ያኔ ፊርማ የማያውቅ ሰው ሁሉ በየገጹ ግርጌ አውራ ጣቱን በሐምራዊ ቀለም አትሟል። ከእያንዳንዱ የአሻራ ረድፍ ጎን አንድ አዲስ ቅባታም የጣት ዱካ ነበር፤ ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ መቶ አሥራ አንድ። ከመቶ አሥራ ሦስት ጀምሮ ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

"ስም አይደለም የተፈለገው። አሻራ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው አንድ የሚያውቀውን አሻራ አንድ በአንድ ሲፈልግ ነው። ሲያገኘው ቆረጠና አቆመ።"

"ሙንዚር ያነባል። አያ ጋሹም ዳዊት ይደግማሉ።"

"ስለዚህ ሦስተኛ ሰው አለ። አሻራውም ለዓይን የሚለይ ምልክት አለው።"

ወንጌላዊት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ያኔ በሁለት ቅጂ ነው የተጻፈው" አለች። "ሁለተኛው ኮምቦልቻ ግምጃ ቤት ወርዷል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ሎሚውም ወደ ታች ነው የሚጠራን" አለ ሳጅኑ።

*

ረቡዕ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉሙ ከኋላቸው ቀረ፤ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ሙቀት ይቀበላቸው ጀመር። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሳጅኑ ሹራቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ላቡን ይጠርጋል።

የግምጃ ቤቱ ጠባቂ መሕሙድ፣ "አብሽሩ፣ አይጥ ካልቀደመኝ አገኘዋለሁ" ብሎ ገባ። በቆይታው ብዛት ሳጅኑ ሁለት ጊዜ አንቀላፋ። በመጨረሻ መሕሙድ ፀጉሩ በአቧራ ነጭ ሆኖ ቀይ ጀርባውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ሚስባህ ራሱ ገለጠ። መቶ አሥር። መቶ አሥራ አንድ። ከዚያ መዳፉን ገጹ ላይ ጣለ፣ ዝንብ እንደሚይዝ ሰው። ስሞቹ በመዳፉ ሥር ቀሩ።

ሳጅኑ በትከሻው ላይ አጎንብሶ የቀረውን አነበበ። "የቤት ኃላፊ። ሚስት። ልጅ፣ ሴት፣ የተወለደችው ጥር ሰባ ሦስት። ልጅ፣ ወንድ፣ የተወለደው ሰኔ ሰባ ሦስት። የቤት ሠራተኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።" ቆመና በጣቱ ቆጠረ። "የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። አምስት ወር። ኧረ ይቺ እመቤት እንደ ጥንቸል ናት።"

መሕሙድ ሳቀ። "ሐቂቃውን ልንገርህ? አምስት ወር ለአንድ ማሕፀን አይበቃም። ሁለተኛውን የወለደችው ሌላ ናት። በቤቱ ያለች ሴት ደግሞ አንድ ብቻ ቀርታለች።"

"ሠራተኛዋ" አለ ሳጅኑ። "አይ ሰውዬው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች…"

ሚስባህ መዳፉን አነሳ።

አብዱልወሀብ ዑመር። መዲና ሰዒድ። ዚክራ አብዱልወሀብ። ሚስባህ አብዱልወሀብ። ዐሊማ ይማም።

ሳጅኑ አነበበ፤ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። መሕሙድ ግን የማንንም ስም አያውቅምና፣ "አገኛችሁት?" አለ ደስ ብሎት።

"አግኝተነዋል" አለ ሚስባህ።

ግርጌው ላይ ሦስት አሻራዎች ነበሩ። የሦስተኛው መካከል በነጭ መስመር ሰያፍ ተሰንጥቋል። ያንን መስመር ያውቀዋል። ልጅ ሳለ በጣቱ እየተከተለ፣ "ይሄ መንገድ ወዴት ይሄዳል?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ዐሊማም፣ "ወደ ሸንኮራ። ሸንኮራ ስልጥልህ ቢላዋው የጠረገው መንገድ ነው" ትለዋለች። ቁርኣን ቤት በጀርባዋ አዝላ ያደረሰችው እሷ ናት። በደንብ አልተወለወለም ብሎ ጫማውን የወረወረባትም እሷ ናት። አሥር ዓመት ሲሞላው ወደ ኮምቦልቻ ተላከች፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሠራተኛ ይሄዳል፣ ሌላ ሠራተኛ ይመጣል።

የራሱ መታወቂያ ግን ሰኔ ሰባ አራት ነው የሚለው። ዚክራ በዓመት ከአምስት ወር ትበልጥሃለች ተብሎ ነው ያደገው። አንድ ሰው መሀል ላይ አንድ ዓመት አስገብቷል።

ሎሚውም አሁን ሳይፈልገው መጣለት። ኢንስፔክተር የሆነ ጊዜ፣ የደስታው ድግስ ላይ። ዐሊማ ቅጠላም ሎሚ በሰፌድ ተሸክማ ከኮምቦልቻ መጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር። እንግዶቹ ሲያይዋት፣ "የድሮ ሠራተኛችን ናት። ዐሊማ፣ አንቺ በጓሮ በኩል ግቢ" አለ እሱ ራሱ። ገባች። ስትወጣ አላያትም።

ሐረጎን ሽቅብ ሲመለሱ ሳጅኑ ሹራቡን መልሶ ለበሰ፤ በጉሙ እንኳ አልቀለደም።

*

መዲና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሙስበሐቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

"እማ፣ ዚክራ በስንት ትበልጠኛለች?"

"በዓመት ከ…" አሉና ሙስበሐው ቆመ። ፊቱን አዩት። "መዝገቡን አየኸው።"

"ዓመቱን ማን ጨመረው?"

"አባትህ። ትምህርት ቤት ስትገቡ ሰው እንዳይቆጥር። አላህ ይማረው፤ እኔ ገና አልማርኩትም።" ሻሻቸውን ሳቡ። "ዐሊማ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዋድላ ሜዳ የመጣች ልጅ፤ ማን አላት? እኔ ልጅ አይጣልም አልኩ። ዚክራን በቀኝ፣ አንተን በግራ አድርጌ አጠባሁ። ወተት ሐቅ አለው። ቆጣሪው ሲጠይቀኝ ልጄ ነው ያልኩት ሳልዋሽ ነው።"

"እሷስ?"

"እሷን ቁርኣን አስመታኋት፤ እስክትሞት እንዳትናገር።"

"ተናገረች?"

"በአርባ አራት ዓመት አንድ ቀን አልተናገረችም። በየሰኞው ሎሚዋን ሸጣ በጓሮ በኩል ትመጣለች፤ ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ ትሄዳለች። ባለፈው ሰኞ ያ ማጉያ 'ዝምድና ይጣራል' እያለ ሲጮህ እዚህ ደፍ ላይ ነበረች። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እኔ ያስማልኩት አፏን ነው፤ እጇን አላስማልኩትም።"

"እኔን ከምን ልታድን ነው?"

መዲና ሙስበሐቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ከእሷ። የድግሱ ዕለት ያልከውን ሰምታሃለች ልጄ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከአንተ ኃጢአት የኔ ይበልጣል።"

ሚስባህ የሚይዘው አጥቶ የገዛ አውራ ጣቱን ያዘ።

*

ሐሙስ ጠዋት ለኮማንደር ጥበቡ ሁሉንም ነገረው። ኮማንደሩ በሩን ዘጋ።

"ማን ያውቃል?"

"እኔና ወንድምአገኘሁ።"

"እንግዲያ ማንም አያውቅም። ልጆች አሉህ፤ ስም አለህ። ቆራጩ አልታወቀም ብለን እንዘጋዋለን። ሽማግሌውን በቸልተኝነት እንልከዋለን፤ ቢበዛ ጥቂት ወር ነው።"

ሚስባህ እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ፤ እምቢ ያላለባት ያቺ ደቂቃ ግን አብራው ወጣች፤ ኮሪደሩን አብራው ሄደች።

የማረፊያ ክፍሉ በር ላይ አያ ጋሹ በፍርግርጉ አዩት።

"ምነው ልጄ፣ ጠቁረሃል። አሞሃል?"

"አያ ጋሹ፣ ሴትየዋን ያውቋታል።"

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። "የሎሚዋ ሴት ናት። ሰኞ ሰኞ ቆሎ ትሰጠኛለች። 'የቧንቧ ውሃን መዝገብ አሳየኝ፣ ለልጄ ነው' አለችኝ። ለልጅ ከተባለ ምን ይጠየቃል? ቆርጣ ስትጨርስ፣ 'ሰው አንተን እንዳይጠረጥር ልቆልፍብህ' አለች። ቆልፊ አልኳት። ወደ ቤቷ እስክትደርስ ብዬ እስኪነጋ ዝም አልኩ።"

"ልጇ ማን እንደሆነ ነገረችዎት?"

"አልነገረችኝም። ደህና ሰው መሆን አለበት፤ እንዲህ የምትሳሳለት።"

ሚስባህ ፍርግርጉን ለቀቀ። የሽማግሌው ዓይን ቅን ስለነበር ማየት አቃተው። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ የምስክር ቃልም አልጻፈም።

*

ዓርብ ማለዳ ዐሊማ ሳትጠራ መጣች። አንድ ሎሚ ነጋዴ ጥበቃው መታሰራቸውን ነግሯት ከኮምቦልቻ በመጀመሪያው መኪና ወጥታለች። ቢሮው ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ወንበር አለ እኮ" አላት ሳጅኑ።

"እዚህ ይበቃኛል።" ከብብቷ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ወለሉ ላይ አኖረችው። ሚስባህን ቀና ብላ አላየችውም። "ሰውዬውን ልቀቁት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሌላው ኢንስፔክተሩ እንደፈቀዱ ነው።"

እንደፈቀዱ አለችው። ሚስባህ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ጆሮው እስኪያቃጥለው ቀላ። ገጹን መቅደድ ይችላል፤ ፋይሉን መዝጋት ይችላል፤ ኮማንደሩ መንገዱን ጠርጎለታል። እሷም የመጣችው ያንኑ መንገድ ይዛ ነው፤ ሁሉንም ራሷ ላይ አድርጋ።

"ቃሏን ተቀበል" አለው ሳጅኑን።

ሳጅኑ ቅጹን አወጣ። "ስም?"

"ዐሊማ ይማም።"

"ዕድሜ?"

"ስልሳ በሉት።"

"ሥራ?"

"ሎሚ እሸጣለሁ። ድሮ ሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።"

"ለምን ቆረጡት?"

ዐሊማ የተጠቀለለውን ወረቀት ወደ ሳጅኑ ገፋ አደረገችው። ሳጅኑ ያንን ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ወረደና ብዕሩ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። "ከመርማሪው ጋር ዝምድና ካለ።"

"የለም" አለች ዐሊማ ፈጥና።

"አለ" አለ ሚስባህ።

ሳጅኑ ቀና አለ።

"እናቱ ናት። ጻፍ።"

"ኢንስፔክተር" አለ ሳጅኑ፣ "ከተጻፈ ፋይሉ ከእጅዎ ይወጣል። ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።"

"ጻፍ። ከዚያ ቃሉን ለኮማንደሩ አድርስና አያ ጋሹን አስወጣልኝ፤ ጋቢያቸውን እንዳይረሱ።"

ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ተሰማ። ሚስባህ ተነሳ። የራሱን ወንበር በሁለት እጁ አንስቶ ዞሮ መጥቶ ከፊቷ አኖረው። መናገር የፈለገው ብዙ ነበር፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ጓሮው በር፣ ስለ ትናንት ዝምታው።

"ከመሬት ይነሱ፣ እማ" አለ። "እዚህ ይቀመጡ።"

ዐሊማ ቀና ብለው አዩት። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። የወንበሩን መደገፊያ በዚያ በተሰነጠቀው አውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት፤ አቧራ እንዳለው የሚፈትሹ ይመስላል። አልተቀመጡም። "መሐላ አለብኝ" አሉ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አስተካከሉ።

ሳጅኑ በሩ ላይ ነበር፤ "ስንጠራዎት ይመጣሉ" ብሎ ገለል አለላቸው። ዐሊማ በፊት ለፊቱ በር ወጡ።